ቆቡ ያልወለቀ ገመድ

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሰውየው መኪና ይዞ ይመጣል፤ ጠረጴዛውንም፣ መሳቢያዎቹንም፣ መበየጃውንም ጠቅልሎ ይወስዳል። እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ጆሮዬ ሞቷል ብሎ ራሱን ከቀበረ ሰባት ወሩ!»

ባለ ስቱዲዮው ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ግማሽ ፊቱን ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና አረፋ ነው። ተናጋሪዋ የአጎቱ ሚስት ናቸው። የእሱ ሚስት እጇ ሳሙና ስለነበር ስልኩን ከልብስ ማጠቢያ ሳፋው አጠገብ አጋድማ ድምፁን ለቃዋለች፤ ቤታቸው ደግሞ ጠባብ ነው፣ ኩሽናውን ከመታጠቢያ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ እንኳን ወሬ ማስነጠስም አይደብቅ። «ጉሮሮዬ አለቀ እኮ» አሉ ሴትዮዋ። «ስድስት ወር ሰባት ወር ሙሉ ማዶ ለማዶ እንደሚጠራራ ሰው እየጮህኩ ነው የማወራው። ጮክ በይ፣ አልሰማም ይለኛል። ደግሞ እኮ ድስት ሊገነፍል ሲል እኔ አጠገቡ ቆሜ ያልሰማሁትን እሱ ከበረንዳ ሆኖ ‹ድስቱን!› ይለኛል። ምን ዓይነት መደንቆር ነው ይኼ?» ሚስቱ ልብሱን ማሸቷን አቁማ፣ «ታዲያ እትዬ፣ ለምን ጆሯቸውን አይታዩም?» አለች። «ብዬዋለሁ! ‹ልጄ ነግሮኛል፤ ከሱ በላይ የድምፅ ነገር የሚያውቅ የት አለና ነው?› ይለኛል።» ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አለ እኮ፣ እቤት ነው» ስትል ያንንም ሰማ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አዋቂዎች፤ የሚታማ ሰው ሐሜቱን የሚሰማው መጨረሻ ነው ለማለት። ባለ ስቱዲዮው የዛሬ ዕድሉ ሆኖ በገዛ ጆሮው ሰማ። ምላጩን እንደያዘ መስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ፤ አረፋው ጉንጩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቆመ። ሻይ ሲጠጡ ሚስቱ «ሰማህ?» አለችው። «ምኑን?» አላት። «ተወው» ብላ ዳቦውን ወደሱ ገፋ አደረገችው። እሷ የሳፋውን ውሃ ልትደፋ ተነሳች፣ እሱም ሻዩን ግማሽ አድርሶ ወጣ።

አጎቱን ሰፈሩ በሙሉ «ሐኪሙ» ነው የሚላቸው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ ብቻ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ የሚታከመው እሳቸው ዘንድ ነበር። እንደ ሌላው ጠጋኝ ካቻቢቴ መዘው ዕቃው ላይ አይዘምቱም። መጀመሪያ ያበሩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል፤ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ የቀዱት ሻይ እስኪቀዘቅዝ። ከዚያ በካቻቢቴው እጀታ ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጉና «ሕመሙ እዚህ ጋ ነው» ይላሉ፤ ሲከፈት እዚያው ይገኛል። ባለ ስቱዲዮውን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሙያውንም ያስያዙት እሳቸው ናቸው። «ዓይን ይዋሻል፣ ዋጋም ይዋሻል፤ አንተ ጨፍነህ ስማ» የሚል ነገር ነበራቸው። ባለ ስቱዲዮው ይህን ትምህርት ሃያ ዓመት ሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። በቃል ማወቅና ማወቅ ግን ለየቅል ነው።

ስቱዲዮ ስንል ደግሞ ለወጉ ነው እንጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ስፖንጅ ተለብጧል፣ በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተቸንክሯል፣ ከሥሯ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪም አለ። የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ሲያስነሳ ባለ ስቱዲዮው ቀረጻ ያቆማል፤ ሐኪሙ ሲያርፍ ይቀጥላል። ብዙ ደንበኛ ያለው ጥርስ ሐኪም ነው። እዚህች ክፍል ውስጥ የሚቀረጸው የሱቅ ማስታወቂያና ኩባንያዎች ስልካቸው ላይ የሚያስገቡት «እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ» የሚለው ድምፅ ነው። ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየተራገመ ለሚሰማት ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው እንግዲህ ባለ ስቱዲዮው የክፍሏን የአሥራ አንድ ወር ኪራይ የሚያህል ዋጋ አውጥቶ ኮንቨርተር የገዛው። ኮንቨርተር ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ወደሚሰማ ድምፅ የሚመልስ ዕቃ ነው። የሁለት ምሳ ዋጋ የምታወጣም አለች፤ ያቺን ሳሙና የምታህለዋን ለዓመታት ሲጠቀምባት ኖሯል። አዲሱ ግን ፊቱ ወፍራም አሉሚኒየም፣ ክብደቱ የብረት ካውያ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው ነው። ገንዘቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊገዛበት የታሰበ ነበር። ሚስቱ ስትጠይቀው «ይኼ ሥራ ያመጣል፣ ማሽኑን እሱ ራሱ ይገዛልሻል» ብሏት ነበር። እስካሁን አልገዛላትም።

ዕቃው የመጣ ዕለት ሁለት ሰው ጠራ፦ ሥራ የሚሰጠውን የማስታወቂያ ድርጅት ሰውዬና አጎቱን። ጠረጴዛው ላይ ማዞሪያ ያላት ትንሽ መምረጫ አስቀመጠ፤ ወደ ግራ ሲያዞራት አሮጌዋ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞራት አዲሱ። አንድ ዘፈን ከፈተና ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ አደረገ። «አቤት!» አለ የማስታወቂያው ሰውዬ ወንበሩ ላይ እየተነሳሳ፤ «ሰማይና ምድር እኮ ነው! መጋረጃ የተገለጠ ነው የሚመስለው!» ባለ ስቱዲዮው የልብ ልብ ተሰማው። እሱም እንደዚያው ነበር የሚሰማው፤ ቀኙ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ክፍሉ ውስጥ የገባ ይመስለው ነበር። አጎቱ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እስቲ መልሰው» አሉ። መለሰው። «እስቲ አንዴ ደግመህ።» ደገመው። ዓይናቸውን ገለጡና፣ «ልጄ፣ አንድ ነው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ገመዱን አይተኸዋል?» አሉ።

ሰው ፊት ነው፤ ያውም ሥራ ሰጪው ፊት። ደሙ ፈላ። «ገመዱ ምን ሆነ ጋሼ? ይልቅ ጆሮዎ ነው። ጆሮም እኮ ያረጃል። ከስድሳ በኋላ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ አይሰማም፤ የታወቀ ነው፣ አይፈረድብዎትም» አላቸው። የማስታወቂያው ሰውዬ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። አጎቱ ጃንጥላቸውን አነሱና «ይሆናል» ብለው ወጡ። በሳምንቱ ያው የማስታወቂያ ሰውዬ የቢሮውን ድምፅ ማጉያዎች እንደ ልማዱ ለማሳደስ ፈልጎ «አጎትህ ጋ ልውሰዳቸው እንዴ?» ሲለው፣ «እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ማጉያዎቹን ሌላ ቦታ ወሰደ፤ ለወዳጆቹም እንደሰማው አወራ። በሦስት ወር ውስጥ የሐኪሙ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጠፋ።

የአጎቱ ሚስት በደወሉበት ጠዋት እንግዲህ ባለ ስቱዲዮው ይህን ሁሉ ከሆዱ ጋር እያወራ ክፍሏ ደርሶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የቀኑ ሥራ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የስልክ መልእክት ነበር፤ አንባቢዋ ትናንት ተቀርጻ ሄዳለች፣ የሱ ፋንታ መከርከም ነው። መምረጫዋን እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ፣ ወደ አዲሱ አዙሮ ድምፅዋን ደጋግሞ እንዲጫወት አደረገና ያቋረጠውን ሻይ ለማካካስ ውሃ ማፍያውን አነሳ። ስድስት ቀዳዳ ያለው የመብራት ማከፋፈያ ሞልቷል። ጎንበስ ብሎ ከሁሉ የወፈረውን ሶኬት ነቀለና ማፍያውን ሰካ። የኮንቨርተሩ ሰማያዊ መብራት ጠፋ። ሴትዮዋ ግን አልጠፋችም። «ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ» ትላለች፣ ጥርት ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ብርጭቆው ውስጥ የሻዩን ቅጠል እንኳ ጨምሮ ነበር። ከዚያ ማንኪያው እጁ ላይ ቀጥ አለ። ዞሮ የጠፋውን መብራት አየ። «ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው» አለችው እንደገና።

ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ገባ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ ከመምረጫዋ ጀመረ። የግራው ገመድ ሄዶ ሄዶ አሮጌዋ ኋላ ላይ ተሰክቷል፤ ደህና። የቀኙ ገመድ ሄዶ ሄዶ፣ በጠረጴዛው እግር ዞሮ፣ አሮጌዋ ፊት ላይ ተሰክቷል። አሮጌዋ ሁለት መውጫ አላት፤ ሁለቱም በገመድ ተይዘዋል። ያን ዕለት አንድ ዓይነት ጥቁር ገመድ ሦስት ገዝቶ ነበር፤ እንግዶቹ መጡ ብሎ በጥድፊያ ሲሰካካ አንዱን ከአንዱ አልለየም። ሦስተኛው ገመድ ከትልቁ ዕቃ ወጥቶ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሐል ወርዶ አቧራ ውስጥ ተኝቷል። አንስቶ እፍ አለበት። ጫፉ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያለብሱት ግልጽ የፕላስቲክ ቆብ አለ። ቆቡ አልወለቀም። ሰባት ወር ሙሉ ማዞሪያዋ ከራሷ ወደ ራሷ ስትዞር ከርማለች፤ ሰማያዊው መብራት ለብቻው ሲበራ ከርሟል፤ የማስታወቂያው ሰውዬ መጋረጃ ሲገለጥ አይቷል፤ እሱ ራሱ ዘፋኙን ክፍሉ ውስጥ አስገብቷል። ከዚህ ሁሉ ሰው የነበረውን የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውንም ደንቆሮ ብሎ ሰደዳቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼው አይደል!

ሰው ግን ጉደኛ ፍጡር ነው፤ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጦም ተስፋ ፈለገ። «ምናልባት በትክክል ሲሰካማ ልዩነቱ እውነት ይሆናል» አለ። እውነት ከሆነ ቢያንስ ገንዘቡ አልባከነም፤ ቢያንስ ጥፋቱ ግማሽ ይሆናል። ቆቡን አውልቆ ኪሱ ከተተና ገመዱን ቦታው ሰካ። የሁለቱን ጩኸት እኩል አደረገ፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ እንደሚመስል ያስተማሩት አጎቱ ናቸው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ስንት ጊዜ እንዳዞራት እስኪጠፋው ማዞሪያዋን አገላበጣት። ሰማ፤ «ቀኝ» አለ፤ ገለጠ፤ ግራ። ጨፈነ፣ አገላበጠ፤ «ግራ» አለ፤ ግራ። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አምስት አገኘ። እንደገና አሥር፤ ስድስት። ላቡን ጠርጎ እንደገና፤ አራት። ሳንቲም ሽቅብ ወርውሮ ዘውድ ጎፈር ቢልም ከዚህ አይብስም ነበር። ከታች የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን አስነሳ፤ እሱ በቀኝም በግራም እኩል ይሰማል።

ስልኩን አንስቶ የአጎቱን ቁጥር አወጣና ሳይደውል አስቀመጠው። «በስልክ የሚነገር አይደለም» አለ። እውነቱ ግን በአካልም የሚነገር አልመሰለውም። የሚለውን ነገር ብቻውን ተለማመደ፦ «ጋሼ፣ አንድ ትንሽ ስሕተት ተገኘች...» ትንሽ! «ጋሼ፣ የሚገርም ነገር ልንገርዎት...» ይኼም ቀልድ መሰለ። ልክ ቸኩሎ የሚሠራው ሥራ እንዳለው ሁሉ የኢንሹራንሱን ድምፅ ይከረክም ጀመር፤ የተከረከመውን መልሶ ከረከመ። ሰዓቱን ሲያይ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ያኔ ነው ብድግ ብሎ ትልቁንም ትንሿንም ኮንቨርተር፣ መምረጫዋን፣ ገመዶቹንና ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ያጨቃቸው። አውቶቡስ ላይ ቦርሳው አልዘጋ ብሎ ትልቁን ዕቃ ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ሲያዩት ቆይተው፣ «ወንድሜ፣ የሚሰበር ነገር ነው?» አሉት። «አዎ።» «ውድ ነው መሰለኝ?» «ነበር» አላቸው። ሴትዮዋ ዕቃው የተሰረቀ ሳይመስላቸው አልቀረም፣ የእጅ ቦርሳቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሲደርስ ዕቃ መጫኛ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። የአጎቱ ሱቅ ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት የተከፈለች ክፍል ናት፤ ከውጭ በር አላት፣ ከውስጥም ወደ ሳሎን የሚያስገባ በር አላት። መሳቢያዎቹ ተጭነዋል። የቀረው ጠረጴዛው ነው፤ ያ ሠላሳ ዓመት የመበየጃ ጠባሳ የጠጣ፣ አንድ ጥጉ በአጎቱ ክርን ተበልቶ የጎደጎደ ጠረጴዛ። ገዢው ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ፊቱ የማያስከፋ፣ ሲያወራ ሰው የሚያከብር ጎልማሳ። «እንኳን መጣህ፣ ልጃቸው አይደለህ?» አለው። «እንዲህ ዓይነት ዕቃ በሕልሜም አላገኘው ነበር። ጆሯቸው ባይታመም ማን ይሸጥልኝ ነበር? እባክህ ያችን ጫፍ ያዝልኝማ።» አሁን ነበር ጊዜው። «ጆሯቸው ደህና ነው፣ የታመመው የኔ ገመድ ነው» ማለት፣ በቃ፣ ይህቺን ብቻ ማለት። ሞባይል ጠጋኙ እያየው ነው። የመኪናው ሾፌር እያየው ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ፣ ሰው ፊት ለምን ልፈር አለ በሆዱ፤ እሳቸውን ያሳፈራቸው ሰው ፊት እንደነበር ትዝ እያለው። ኮንቨርተሩን መሬት አስቀመጠና የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘ። ተጋግዘው ጫኑት።

አጎቱ በነጠላ ጫማ ደጃፉ ላይ ቆመው ያያሉ። ካቻቢቴያቸውን፣ እጀታዋ በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለችውን፣ ለሞባይል ጠጋኙ ዘረጉለት። «አባቴ፣ እሷን እንኳ እርስዎ ጋ ትቅር» አለ ሰውየው። «የጠረጴዛው ናት፤ ከጠረጴዛው ትሂድ» አሉ አጎቱ ጮክ ብለው፤ አልሰማም ብሎ ያመነ ሰው እንደሚጮኸው። «ጥሩ ጠረጴዛ ነው። አታቻኩለው።» ሰውየው ምን እንደሆነ የገባው አይመስልም፣ ግን እሺ አለና ጎንበስ ብሎ ተሰናበታቸው። መኪናው ተነሳ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሲታጠፍ የመሳቢያዎቹ ብሎንና ዳዶ ሲንሿሿ እዚህ ድረስ ተሰማ፣ ከዚያ አልተሰማም።

ክፍሏ ባዶ ሆና ሰፋች። ጠረጴዛው የነበረበት ወለል ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሠርቷል። መደርደሪያው ላይ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ቀርተዋል፤ የቤት ናቸው፣ አይሸጡም። እትዬ ከውስጥ በር ብቅ ብለው «ሻይ ላፍላ?» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው በእውነትም ሻክሯል። «ምን አልሽ?» አሉ አጎቱ። «ሻይ!» «እ፣ አፍዪ።» እትዬ ባለ ስቱዲዮውን አንዴ አዩትና እዚያው በሩ ላይ ቀሩ። ሻዩንም አላፈሉት።

ያን ጊዜም መናገር ነበረበት፤ ግን ፈሪ መቼ መንገድ ያጣል! ዕቃው ይናገርልኝ አለ። ነጣ ባለው ወለል ላይ ተንበርክኮ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ልክ እንደዚያ ስሕተት አድርጎ ሰካካው፦ የግራውንም የቀኙንም ገመድ ከአሮጌዋ። እሳቸው «አንድ ነው» ይላሉ፣ እኔም «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ያኔም አንድ ነበር» እላለሁ፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል ብሎ አሰበ። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይስሙልኝ» አለ ጮክ ብሎ። የኢንሹራንሷ ሴትዮ ክፍሉን ሞላችው። ማዞሪያዋን ግራ አደረገ፤ ቀኝ አደረገ። አጎቱ ባዶ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ባለ ስቱዲዮው ይህን ወዲያው አላስተዋለውም፤ ሁለተኛ ሲያዞር ነው ቀና ብሎ ያየው፤ አጎቱ የሚያዩት እጁን ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞር ፊታቸው ፈካ አለ። «እህ! ይኼኛውማ ጠራ ይላል» አሉ። «አዲሱ ነው አይደል? እውነትህን ነበር ልጄ። ያን ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሰው ፊት አሳፈርኩህ።»

ዓይን ይዋሻል ያሉት ሰው በዓይናቸው እየሰሙ ነው። ማዞሪያዋን ለቀቃት። ኪሱ ገብቶ ያችን የፕላስቲክ ቆብ አወጣና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ፤ አሁን ድምፁን አላነሳም። «አዲሱ ያን ቀን አልተሰካም ነበር። ሁለቱም አሮጌዋ ነበሩ። ገመዱን አይተኸዋል ወይ ብለውኝ ነበር፤ አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። አሁንም ያው ነው፣ ምንም አልቀየርኩም። ሥራዎንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለማስታወቂያው ሰውዬ ዕድሜ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቅድም ጠረጴዛው ሳይወጣ ደርሼ ነበር፤ ሰው አፍሬ ዝም አልኩ።» ሴትዮዋ ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው እያለች ነበር፤ አጠፋት።

አጎቱ ቆቧን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሷት፣ ልክ የተቃጠለ ፊውዝ እንደሚያዩ። «አንድ ሆኖ ነበር የተሰማኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁንም። ግን የኔ ጆሮ ምን ይታመናል ብዬ እጅህን አየሁ።»

«ሮጬ ልከተለው ጋሼ? ሰውየውን እለምነዋለሁ፣ ይኼንን ዕቃ እሰጠዋለሁ...»

«ተወው። ቃል ሰጥቻለሁ። ልጆች አሉት፣ ጠረጴዛውን ወዶታል።» ቆቧን መልሰው ሰጡት። «በል አሁን በደንብ ሰካው። የገዛኸውን ልስማው።»

የቀኙን ገመድ ከአሮጌዋ ነቅሎ ከትልቁ ዕቃ ሰካው። ገመዱን ከመምረጫዋ ጀምሮ እስከ ትልቁ ዕቃ ድረስ በጣቱ ተከትሎ አረጋገጠ፤ አጎቱም ሲከተል አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለ ስቱዲዮው ያንን ፊት ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ አገጩ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቀኝ። ግራ። እትዬ በሩ ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። «አንድ ነው» አሉ አጎቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ልዩነት የለውም አልልህም፤ ካለም የሌሊት ወፍ ትስማው። ለኔና ለአንተ አይደለም። ለሚስትህ ማሽኑን ብትገዛላት እሱ ድምፁ ደስ ይል ነበር።» ባለ ስቱዲዮው ሊስቅ ፈለገ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

«ዝም በልማ» አሉ አጎቱ። አገጫቸው ይበልጥ አዘነበለ። «የቀኙ ማጉያ ይንጫረራል። ከኋላው፣ ከታች በኩል አንድ ብሎን ላልቷል።» ባለ ስቱዲዮው ጆሮውን አቆመ፣ ከሴትዮዋ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማም። ተነስቶ በቀኙ ማጉያ ጀርባ ጣቱን ሰደደ። ከታች በኩል ያለችው ብሎን እንደ ሕፃን ጥርስ ትወዛወዛለች። ዞር ብሎ ሊነግራቸው ሲል አጎቱ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ አየ። ሠላሳ ዓመት ካቻቢቴዋ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። እጃቸው እየዳበሰ ሄደ፣ የጠረጴዛው ጥግ መሆን ካለበት ላይ ደረሰ፣ ምንም አላገኘም። አልመለሱትም። እዚያው አየር ላይ ቆየ።

ከዚያ እትዬ ከበሩ ላይ፣ ሰባት ወር ያልተናገሩበትን ድምፅ አውጥተው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ዝቅ አድርገው፣

«ቢላ ላምጣልህ?» አሉ።

«አምጪ» አሉ አጎቱ።

እትዬ የሽንኩርት ቢላዋቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጧቸው። ባለ ስቱዲዮው ማጉያውን አውርዶ በሁለት እጁ እንደያዘ ተንበረከከ፤ አጎቱም በቢላው ጫፍ ብሎኑን ቀስ እያሉ ያጠብቁ ጀመር።